የእንግዳ ሳህን

ማህጁብ ሞቶ የተገኘው ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው በኖረው ቦታ ነው፤ ከጎል አፍ ላይ። የጎሉን የሽመል ቋሚ በአንድ እጁ አቅፎ፣ ጉልበቶቹን ወደ ሆዱ ሰብስቦ፣ ግንባሩን ሣሩ ላይ ደፍቶ ነበር። የሰኔ ዝናብ ሲወርድበት አድሯል።

የፖሊስ ምክትል የመቶ አለቃ ብርሃነሽ ከአሶሳ ወደ ሰፈራ አምባው ስትደርስ ዝናቡ አባርቶ፣ ሰፋሪው ጋቢውን ተከናንቦ በሜዳው ዳር ቆሞ አገኘችው። ከሟቹ አጠገብ ተንበረከከች። ቁስል የለውም። በከንፈሩ ጥግ አረፋ ደርቋል፤ ጣቶቹ ሣሩን ከነሥሩ ነቅለዋል፤ የሹራቡ እጅጌ በጥርሶቹ መካከል ተይዟል።

«አፍነውት ይሆን?» አለ አብሯት የመጣው አሥር አለቃ ዲሳሳ።

«አይደለም። ራሱ ነው የነከሰው። እንዳይጮህ።»

«ሊሞት የደረሰ ሰው ለምን አይጮህም?»

ብርሃነሽ ጎንበስ ብላ እጅጌውን አየችው። ባሏ ሰሜን ጦር ግንባር ከወደቀ ወዲህ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ እጅጌ የሚነከስበትን ሌሊት ታውቀዋለች። ለማንም ግን ተናግራው አታውቅም።

የአምባው አስተዳዳሪ ጓድ ነገሪ ገዳይ ያለውን ሰው መጋዘን ውስጥ ቆልፎ ጠበቃት። ውድነህ ይባላል፤ ከእናቱ ጋር ከወሎ የመጣ፣ የአምባው ቡድን አጥቂ የሆነ ወጣት ነው። እንደ ነገሪ አባባል ጉዳዩ ያለቀለት ነው። ትናንት እሑድ ከጨዋታው በኋላ ሁለቱ ሲጣሉ አምባው በሙሉ ሰምቷል። ከቀትር በኋላ ወደ ክፍለ ሀገሩ ከተማ ወደ ነቀምቴ የሚነሣው መኪና ልጁን ይዞት ይሄዳል።

«ከዚህ ተይዞ ወደዚያ ሄዶ የተመለሰ ሰው አለ?» ስትል ጠየቀችው።

«እስካሁን የለም» አለ ነገሪ የኮፍያውን ውሃ እያራገፈ።

ሟቹን የማያውቀው አልነበረም። ከወንዙ ማዶ ያለው የበርታዎች መንደር ልጅ ነው። በጉርምስናው በድንበሩ ከተማ በኩርሙክ በኩል ሱዳን ገብቶ በዳማዚን፣ በኮስቲ፣ በአትባራ፣ በፖርት ሱዳንና በካሳላ ለትንንሽ ቡድኖች በተከላካይነት ተጫውቷል። በአንዱ ከተማ ሁለት ክረምት ከቆየ ብዙ ቆየ ማለት ነው። ጎል ያገባ በትከሻ ይዞራል፣ ጎል ያዳነ ጫማውን በክሩ አንጠልጥሎ ወደ ኪራይ ክፍሉ ይሄዳል እያለ ይሥቅ ነበር። ጉልበቱ ሲያልቅ ማንም ሳይሸኘው አገሩ ገባ። ሥራ ፈትቶ ከመቀመጥ ወንዙን እየተሻገረ የአምባውን ወጣቶች ኳስ ያሠለጥን ጀመር። ትናንት ተከላካይ ጎድሎ ራሱ ገባ፤ የአሶሳን ከተማ ቡድንም አሸነፉ።

መጋዘኑ ውስጥ ውድነህ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ወለሉ ላይ አንዲት ፍሬ እህል አይታይም።

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው።

«ሱዳን ውሰደኝ አልኩት። ኩርሙክ ድረስ ብቻ አድርሰኝ አልኩት። እምቢ አለኝ።»

«አንተስ?»

«አፈር ብላ አልኩት።» ራሱን አቀረቀረ። «አፈር ላይ ተደፍቶ ነው የተገኘው አሉኝ።»

«እሱ ምን መለሰልህ?»

«የሰው አገር ጎል ስትጠብቅ የራስህ ክፍት ያድራል አለኝ። ከዚያ አንገቴን አቅፎ ወደ እናቴ ቤት ወሰደኝ። በቂም አልተለያየንም፣ መቶ አለቃ።»

«ሲመሽ አሞኛል አላለም?»

ውድነህ ሊሥቅ ምንም አልቀረውም። «እሱ? ካሳላ ላይ የእግሩ አጥንት ተሰንጥቆ ጨዋታ የጨረሰ ሰው ነው። የተጎዳ እንግዳ ተጫዋች በማግሥቱ ይሸኛል ይላል። ሲያመው ሚስቱ እንኳ አታውቅበትም።»

ሚስቱ ዓኢሻ ከማዶ ተሻግራ መጥታ ከሬሳው ራስጌ ተቀምጣ ነበር። ባሏ ሱዳን ሲዞር ወጣትነቷን በመጠበቅ የጨረሰች ሴት ናት። ዳግመኛ ሊሄድባት ነው የሚል ወሬ ስለነበር አንዳንዱ በጎሪጥ ያያታል፤ ትናንትም ለተጫዋቾቹ ከርከዴ በጀሪካን የላከችው እሷ ናት።

«ከርከዴ ላኩ፤ ሁሉ ጠጣ» አለች ሳትጠየቅ። «ነገሪም ጠጣ። ወላሂ፣ መርዝ ቢሆን ይኼ አምባ ዛሬ ሰው የለም።»

«ሊሄድ ነው ሲሉሽ ጠየቅሽው?»

«ጠየቅሁ። ኻላስ አለ፤ አለቀ። ጫማውን ለውድነህ ሊሰጥ ነው።» ከሬሳው ፊት ላይ ዝንብ አባረረች። «ማታ መብራት አላጠፋሁም። ሰው ቤት ሲበላ ይቆያል፤ ሳህን አያስተርፍም። በሰው አገር ሳህን ያስተረፈ እንግዳ ሁለተኛ አይጠራም ይላል።»

ያ የመጨረሻ ሳህን የቀረበው በውድነህ እናት በእማማ ከበደች ቤት ነው። ጎጇቸው ከጎሉ በስተጀርባ፣ ከሽመል አጥሩ ማዶ ነው። ሁለት ልጆች በድርቁ ቀብረው ሦስተኛውን ይዘው የመጡ እናት ናቸው፤ ጥቁራቸውን ከዚያ ወዲህ አላወለቁም። ብርሃነሽ ስትገባ እጃቸውን ዘረጉላት። ጣቶቻቸው እስከ ጥፍራቸው ሥር ቀልተዋል። እንሶስላ መሰላት። ወዲያው ጥቁሩን ልብስ አየች። ልጅ የቀበረች እናት እንሶስላ አትሞቅም።

«ትናንት ፍየል ታርዶ ነበር አሉ» አለች ቀስ ብላ።

«ማኅበሩ ለልጆቹ ያረደው ነው፣ ልጄ። እሱ ግን እስላም አይደል? የኛን ሥጋ እንዴት ይበላል? አገራችን እያለንም ለእስላም እንግዳ ለብቻው ነው የሚሠራ። ገንፎ አገነፋሁለት። ሱዳን ሳለሁ ከጨዋታ በኋላ ገንፎ የሰጠኝን ከተማ አልረሳም ይለኝ ነበር።»

«ሌላ የቀመሰው አለ?»

«ላንድ ሰው ብቻ ነው የበቃ።»

«እርስዎስ?»

«በልቻለሁ አልኩት።»

በጓሮ በኩል የዶሮ ቆጥ አለ፤ ባዶ ነው። ዶሮዎቹ ወዴት እንደሄዱ ብርሃነሽ ጠየቀች። ጧት ክንፋቸውን ዘርግተው እንዳገኟቸው፣ ፈንግል ሳይገባ እንዳልቀረ እማማ ከበደች ነገሯት። ከቆጡ ሥር የእጣቢ ጉድጓድ ነበር። ዝናቡ ቢሞላውም ዳርና ዳሩ አሁንም ቀይ ነው። ብርሃነሽ ጉድጓዱን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በኋላ አሮጊቷን አንድም ጥያቄ አልጠየቀቻቸውም።

ለነገሪ ነገሩን በጽሕፈት ቤት ልትነግረው ሞከረች። እሱ ግን አምባው በሙሉ ገዳዩን ካላወቀ ውድነህን እንደማይለቅ፣ መኪናውም ሞተሩን እንዳስነሣ ነገራት። እናም ሁሉም በስብሰባው ዳስ ተሰበሰቡ። ውድነህን እጁን አስረው አመጡት።

ብርሃነሽ ድምፅዋን ሳታነሣ ጀመረች። ሐኪሙ ገና ባያየውም አረፋውና መንፈራገጡ የመርዝ ነው አለች። «ከጨዋታው በፊት በጓድ ነገሪ ቢሮ ሻይ መጠጣቱን ሰምቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን እስከ መጨረሻው ተጫውቷል። ሻዩ አይደለም። ከርከዴውን ሁላችሁም ጠጥታችኋል። ሥጋውን አልቀመሰም። የቀረው ለብቻው የበላው ነው።»

ውድነህ ቀና አለ። እናቱን አላየም፤ ላለማየት ታገለ።

«ጓድ ነገሪ፣ የራሽኑ መኪና መቼ ነው የመጣው?»

«ጭቃው የጭነት መኪና አላሳልፍ ካለ ወዲህ አልመጣም። የሚያልፈው ትንሽ መኪና ብቻ ነው።»

«መጋዘንዎ ባዶ ነው። እህል በሌለበት አምባ ገንፎ ከየት መጣ?»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«በየቤቱ ያለው ለክረምቱ የታደለው የዘር በቆሎ ብቻ ነው» አለች ብርሃነሽ። «ቀይ ነው። ቀዩ ምንድን ነው?»

ነገሪ ጉሮሮውን ጠረገ። «የነቀዝና የምስጥ መድኃኒት ነው። እንዳይበላ አዝዣለሁ።»

«ለምን እንደማይበላ ነግረዋቸዋል?»

«መርዝ ነው ብላቸው በእጃቸው አይነኩትም። ሳይዘራ ክረምቱ ያልፋል። እኔም ከበላይ የምጠየቅ ሰው ነኝ።»

ብርሃነሽ እዚያ ላይ ልታቆም ፈልጋ ነበር። እማማ ከበደች ግን ከሴቶቹ መካከል ተነሡ።

«አገራችን ዘር በአመድ ታሽቶ ነው የሚቀመጥ» አሉ። «ክፉ ቀን ሲመጣ ይታጠብና ይበላል። ቀዩም እንደ አመዱ መስሎኝ ነው። ውሃው እስኪጠራ አጠብኩት፣ ልጄ። እስኪጠራ።» ጣቶቻቸውን አዩ። «የኔ እጅ ነው?»

«ያልነገረዎት ሰው እጅ ነው፣ እማማ።»

«ካመመው ምነው አልተመለሰ? ከደጄ አልነበረም?»

ይህን ጥያቄ ስትፈራው ነበር። ውሸት ብትናገር የሚያምናት አንድም ሰው እንደማይኖር ስላወቀች እውነቱን መረጠች።

«ከደጅዎ ስለሆነ ነው። ቢጮህ ይሰሙት ነበር። ምግብዎ እንዳመመው እንዳያውቁ እጅጌውን ነክሶ ዝም አለ። በሰው አገር ሕመሙን ሲደብቅ ነው የኖረው፤ የቆየ ልማዱ ነው።»

ከዚያ ወደ ነገሪ ዞረች። ልጁን በገዛ እጁ እንዲፈታ፣ ቀጥሎም ራሱ በየጎጆው ገብቶ ዘሩ መርዝ መሆኑን እንዲናገር አዘዘችው፤ ዲሳሳ አብሮት እንዲሄድም አደረገች። የራሷን ሪፖርት ለአሶሳ ብቻ ሳይሆን ለነቀምቴም እንደምትልክ ነገረችው። ነገሪ ገመዱን ፈታ። ውድነህ ተፈትቶም ከተቀመጠበት አልተነሣም።

ሰው ሁሉ መንገድ ሲለቅ ዓኢሻ መጣች። ሁሉም እርግማን ጠበቀ። እሷ ግን ከእማማ ከበደች አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ትከሻዋ ትከሻቸውን ነካ።

«ይመር ነበር?» አለች።

«አልቀመስኩትም፣ ልጄ። ላንድ ሰው ብቻ ነው የበቃ።»

«ጨረሰ?»

እማማ ከበደች ቀይ ጣቶቻቸውን በጥቁር ልብሳቸው ሸፈኑ።

«ጨረሰ» አሉ። «ድስቱ ላይ የቀረች አለች፣ ልጨምርልህ ወይ ስለው፣ ይጨምሩልኝ ብሎ ሳህኑን አቀበለኝ።»