በእናቷ ድምፅ

በደቡብ አፍሪካ፣ በጻካኔ ሰፈር፣ ከታክሲ ማቆሚያው ሁለት መንገድ ዘልቆ፣ ፊቱ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ትንሽ ሱቅ አለ። ከፍርግርጉ ጀርባ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቆማ ዳቦ፣ ሳሙናና የስልክ ካርድ የሸጠችው ሴት በቀለች ትባል ነበር። ባሏ አቢሶ ዕቃ ያመጣል፤ ትልቋ ልጃቸው እምነት ከእናቷ ጎን ቆማ ትሸጣለች። ታናሿ ፊቤ ግን እዚሁ አገር የተወለደች ናትና፣ ከብዙ ዓመት ምልልስ በኋላ ፓስፖርት አግኝታለች። ሌሎቹ ሦስቱ በየጊዜው በሚታደስ የጥገኝነት ወረቀት የሚኖሩ፣ ከድንበሩ አንድ ጊዜ ከወጡ መመለሻ የሌላቸው ነበሩ። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ ኋላ የደረሰው መከራ የባሰው በዚህ ምክንያት ነውና።

ፊቤ ቱሪዝም ተምራ፣ መሃል ጆሃንስበርግ በሚገኝ የጉዞ ወኪል ቢሮ ተቀጥራ ነበር። በመጋቢት ወር ቢሮው ለሦስት ሳምንት ወደ ኮሪያ ላካት። ሥራዋ ደንበኞች ሊያርፉባቸው የሚችሉ አሥራ ሁለት ባህላዊ የእንግዳ ቤቶችን እያደረች መመርመርና በአካባቢያቸው የሚጎበኘውን መመዝገብ ነው። ቤቶቹን ሃኖክ ይሏቸዋል፤ በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ፣ የሸክላ ክዳናቸው ጫፍ ወደ ሰማይ ቀና ያለ፣ በራቸው በወረቀት የተለበጠ ቤቶች ናቸው። በቀለች ይህን በሰማች ጊዜ፣ "ብቻሽን አይተሽ እንዳትመጪ። ለእኔም በየቀኑ አሳዪኝ፤ እኔ ከዚህ ብረት ወጥቼ የትም አልሄድም" አለቻት።

ፊቤም ቃሏን ጠበቀች። እዚያ ሲመሽ ጻካኔ ቀትር ነው፤ ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ፎቶና የድምፅ መልእክት ይደርሳል። መጀመሪያ ከሴኡል፣ በኮረብታ ላይ የተደረደሩ የጥንት ቤቶች መጡ። ቀጥሎ ከጆንጁ፣ መንደሩ በሙሉ ሃኖክ ከሆነበት፣ እንዲህ የሚል መልእክት መጣ፦ "እማዬ፣ አልጋ የሚባል የለም። ወለሉ ከሥር ይሞቃል፤ እላዩ ላይ ፍራሽ ዘርግተሽ ትተኛለሽ።"

በቀለች ስልኩን አፏ ላይ ለጥፋ ጮኸች፦ "ጫማ የት ይወልቃል? ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው ውጭ? ብርድ ልብሱን አሽትተሽዋል? ሰው የተኛበትን ሳያጥቡ እንዳይሆን!"

"ይሄን ሁሉ መኪና ለዓለም የሚሸጡ ሰዎች መሬት ላይ ነው የሚተኙት?" አለ አቢሶ ከለስላሳ ሳጥኖቹ መሃል። "እኛ መሬት ላይ ስንተኛ ድሆች ተባልን!"

"ዝም በል አንተ! የእኛን መሬት ማን አሞቀው?"

"ማማ፣ ዳቦ!" አለ ከውጭ የቸኮለ ደንበኛ በዙሉኛ።

"ቆይ፣ ኮሪያ ነኝ!" አለች በቀለች በአማርኛ፤ እምነት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ሚዛኑ ላይ ተደፋች። ፊቤ ግን የእናቷን ጥያቄዎች አንድ በአንድ መመርመሪያ ቅጿ ላይ ጨመረቻቸው። ጫማ የት ይወልቃል? ሽንት ቤቱ የት ነው? ብርድ ልብሱ ይታጠባል? ከቢሮው የወጣው ቅጽ ይህን ሁሉ ረስቶት ነበር። አለቃዋም "እነዚህን ጥያቄዎች ማን ነው ያወጣቸው?" ብላ ጻፈችላት።

በአምስተኛው ቀን በቀለች የዱቄት ከረጢት ልታነሳ ጎንበስ ባለችበት ወደቀች። የደም ግፊት እንዳለባት ከተነገራት ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ "ሰኞ ክሊኒክ እሄዳለሁ" እያለች ስንቱን ሰኞ አሳለፈችው! ሆስፒታል ስትደርስ ግራ ጎኗ አይንቀሳቀስም፤ አፏ ተጣሟል፤ ልቧና አሳቧ ግን ሙሉ ነበሩ። የመጀመሪያውን ቀን፣ "ፊቤን ስጡኝ" አለች። ሁለተኛውን ቀንም፣ "ፊቤን... ስጡኝ" አለች። ስልኩ እምነት እጅ ውስጥ ነበር። አንድ ጣት ማስነካት ብቻ ይበቃ ነበር!

"ድምፅሽ ተሰብሯል፤ ሰምታ ትደነግጣለች" አላት አቢሶ ግንባሯን እየዳበሰ። "ሥራዋን ጥላ ትመጣለች። ስትድኚ ታናግሪያታለሽ።"

በሰባተኛው ቀን ማለዳ በቀለች አረፈች።

ከእንግዲህ የሆነውን በትዕግሥት መተረክ ይከብዳል። የእድሩ ሊቀመንበርና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑት አቶ ዘነበ ሰዎቹን ሰብስበው ሁለት ነገር ወሰኑ። አንደኛው፣ አስከሬኑ ወደ ትውልድ አገሯ ሆሳዕና ይላካል። ሁለተኛው፣ ፊቤ እስክትመለስ ምንም እንዳትሰማ።

"ጋሼ፣ ከእኛ ውስጥ ከአገር መውጣት የምትችለው እሷ ብቻ ናት" አለች እምነት ነጠላዋን ከአፏ ላይ አንስታ። "እሷ ካልሄደች እማዬን ከልጆቿ ማን ይቀብራታል?"

"እኔ የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፤ ሄጄ እቀብራታለሁ። ምን ጎደለ?" አሉ አቶ ዘነበ። "እንባዋን የሚጠርግላት በሌለበት፣ በሰው አገር፣ መርዶ በስልክ? ብቻዋን እንድታለቅስ? የእድራችንን ልጅ ደጉን ረሳችሁት? የአባቱን ሞት መኪና እየነዳ ሰምቶ አይደል እንዴ ተገልብጦ የሞተው! መርዶ በማለዳ ነው፤ ቤት ውስጥ፣ ሰው ከቦ ነው።"

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደጉን የገደለው የሰማው ነገር ነው ወይስ መኪናውን ሳያቆም ስልክ ማንሳቱ? ይህን የጠየቀ አልነበረም! ፊቤ ያለችው በሚጣደፍ መኪና ውስጥ ሳይሆን፣ ጸጥ ባለ የእንግዳ ቤት፣ በሞቀ ወለል ላይ መሆኑን ያሰበስ ማን ነበር? አቢሶ አቀርቅሮ መሬት መሬት ያያል። ሚስቱ መሞቷን ለልጁ በገዛ አፉ ከመናገር የሚያድነውን ውሳኔ፣ ማን ያምጣው ማን፣ ሊቀበል ዝግጁ ነበር።

ቀትር ሆነ። ለቅሶው በጋለበት መሃል የበቀለች ስልክ ጮኸ፤ አንዱ ሽማግሌ አንስቶ ከፈተው። ፎቶው ከግዮንግጁ የመጣ ነው፤ አረንጓዴ፣ ክብ ክብ ጉብታዎች፣ በመካከላቸውም አበባ ያፈነዱ ዛፎች። የፊቤ ድምፅ በድንኳኑ ውስጥ ተሰማ፦ "እማዬ፣ ኮረብታ እንዳይመስሉሽ፤ የጥንት ነገሥታት መቃብሮች ናቸው! ሣሩን እንደ ፀጉር ያበጥሩታል። የዛሬው ቤት መስኮቱ የሚከፈተው በእነሱ በኩል ነው። ለደንበኛ ምን ይመስልሻል? መቃብር እያዩ መተኛት ደስ ይላል?"

"መልሺላት" አሉ አቶ ዘነበ ወደ እምነት ዞረው። "ካልተመለሰላት ትጠረጥራለች። ድምፅሽ የእናትሽ ነው።"

እውነት ነው። ከፍርግርጉ ውጭ ያሉ ደንበኞች እንኳ ሁለቱን በድምፅ አይለዩአቸውም ነበር። እምነት ስልኩን ተቀበለች። ጉሮሮዋን ጠረገች። አርባ ሰው እያያት፣ የእናቷ አስከሬን ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ...

"ደስ ይላል ልጄ" አለች።

እነዚህ ሦስት ቃላት ሁለት ሳምንት ሙሉ ተደጋገሙ። ከአንዶንግ፣ ወንዝ እንደ ቀለበት የዞረው የሃሆ መንደር ፎቶ መጣ፤ "ደስ ይላል ልጄ"። እንግዶች ከመነኮሳት ጋር ጎንበስ ቀና እያሉ ከሚያድሩበት የተራራ ገዳም የደወል ድምፅ መጣ፤ "ደስ ይላል ልጄ"። ማታ ማታ እምነት እህል አልወርድ አላት። አባቷን ታያለች፤ አባቷ ግድግዳ ያያል። በሞተች በስድስተኛው ቀን በቀለች ሆሳዕና ተቀበረች። ባሏና ልጇ ቀብሯን የተመለከቱት በሱቁ ውስጥ ሆነው፣ በዚያው በሟቿ ስልክ፣ በሚቆራረጥ ቪዲዮ ነበር። አፈሩ መውረድ ሲጀምር ከጄጁ ደሴት የመጣ ፎቶ ምስሉን ሸፈነው። በጥቁር ድንጋይ የታጠሩ፣ የሣር ክዳናቸው ነፋስ እንዳይወስደው በገመድ የተጠፈረ ቤቶች። አቢሶ በጣቱ ሊገፋው ቢሞክር አልሄድ አለው፤ ፎቶው ገለል ሲል መቃብሩ ተደፍኖ ነበር። እንዲህ ያለ ነገርስ በማን ላይ ደርሶ ያውቃል?

ፊቤ ነገር አይጠፋትም ነበር። "እማዬ፣ ተቀይመሽኛል?" አለች በዚያው ሰሞን። "ስለ ሽንት ቤቱ እንኳ መጠየቅ ተውሽ። አሁን ለብቻዬ ነው የምሞላው ቅጹን።"

"ጉንፋን ይዞኝ ነው" አለች እምነት፤ ስታለቅስ ስለነበር ድምፁ በእርግጥ የታመመ ሰው ድምፅ ይመስላል።

በሃያ አንደኛው ቀን ፊቤ በአዲስ አበባ በኩል ተመለሰች። አውሮፕላን ለመቀየር አምስት ሰዓት መጠበቅ ነበረባት፤ በመስታወቱ ተራራውን ፎቶ አንስታ ላከች። "እማዬ፣ አገርሽ ላይ ነኝ! ሆሳዕና በመኪና ስንት ሰዓት ነው? ትኬቴን ለሁለት ቀን ባራዝመው እኮ ዘመዶችሽን ሁሉ አይቼልሽ እመጣ ነበር። ልሂድ እንዴ?"

እምነት ሮጣ አባቷን ያዘችው። "አባዬ! መቃብሯ የአራት የአምስት ሰዓት መንገድ ነው። ራሷ ልሂድ ወይ እያለች ነው! አሁን እንንገራት፣ ስለ እግዚአብሔር!"

"ጋሼ ዘነበ በማለዳ፣ ቤት ውስጥ ብለዋል..."

"ጋሼ ዘነበ ቀብረው ተመልሰዋል! የቀረችው እሷ ናት!"

አቢሶ ፊቱን አዞረ። እምነት ስልኩን አነሳች። በእናቷ ድምፅም፣ "ሌላ ጊዜ ትሄጃለሽ፤ ሰላም ግቢ ልጄ" አለች።

ፊቤ ከሰዓት በኋላ ደረሰች። ለመርዶ ማለዳ ያስፈልጋል ተብሎ ያን ቀን ደግሞ ሌላ ውሸት ተዘጋጀላት። እናትሽ ኦሬንጅ ፋርም የሚባለው ሰፈር ጸሎት ላይ ናት፣ ነገ ትመጣለች ተባለች፤ ካትሌሆንግ በሚባለው ጎረቤት ሰፈር፣ አቶ ዘነበ ቤት አሳደሯት። ደክሟት ነበርና በልታ፣ ስለ ሞቃቱ ወለል አውርታ፣ ስቃ ተኛች። ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ጥቁር የለበሱ ሴቶች ገቡ፤ ከኋላቸው ሽማግሌዎቹ፣ አባቷ፣ እህቷ። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባት።

"መቼ?" አለች።

"ልጄ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ..." አሉ አቶ ዘነበ።

"ቀኑን ነው የጠየቅኩዎት፣ ጋሼ።"

ነገሯት። ሴቶቹ ሊይዟት እጃቸውን ዘረጉ፤ ፊቤ ግን አልወደቀችም። ቆማ ቀን ቆጠረች።

"ግዮንግጁ ነበርኩ። በማግስቱ በረራ ነበረ። ስድስት ቀን ሳትቀበር ቆይታለች። በሦስተኛው ቀን ሆሳዕና እደርስ ነበር። ሦስት ቀን ተርፎኝ ፊቷን አያት ነበር።" ዙሪያዋን አየች። "ጉንፋን የያዘው ማን ነበር?"

ሁሉም ወደ ኋላ ዞሩ።

"እኔ" አለች እምነት ከሴቶቹ ኋላ።

"ለአንቺው አዝነን ነው" አሉ አቶ ዘነበ።

ፊቤ አልሰማቻቸውም። ወደ እህቷ ሄደች፤ ትመታታለች ብለው የፈሩ ነበሩ። "እውነተኛዋስ? ሆስፒታል ምን አለች?"

"ጠራችሽ። ሁለት ቀን ጠራችሽ፣ ፊቤ። ስልኩ በእጄ ነበር..."

"እኔ ነኝ የከለከልኳት!" ብሎ አቢሶ በጉልበቱ ተደፋ። "አትምቻት፣ እኔ ነኝ! ደህና ትሆናለች ብዬ... ከዚያም መናገር አቃተኝ፣ ልጄ፣ አፌ እምቢ አለኝ!"

ፊቤ አባቷን አልገፋችውም፤ አላነሳችውምም። ዓይኗ ከእህቷ ላይ አልተነቀለም። "እንዴት ብላ ጠራችኝ? በእሷ ድምፅ ንገሪኝ። ለውሸቱ ሁለት ሳምንት አውጥተሽዋል፤ ለእውነቱ አንድ ጊዜ አውጪልኝ።"

እምነት አፏን ከፈተች። ያ ድምፅ፣ በየቀትሩ ሳይጠራ ይመጣ የነበረው ድምፅ፣ አልወጣም። ደግማ ሞከረች። ከጉሮሮዋ የወጣው የራሷ ጩኸት ነበር። ሁለቱ እህቶች ተያይዘው ወለሉ ላይ ወደቁ።

ለቀስተኞቹ "የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፤ ዕጣ ፈንታዋ ነው" ተባባሉ። የበቀለች ሞት ፈቃዱ ይሁን። ከአልጋው አጠገብ ያልተደወለው ስልክስ? በከንቱ ያለፉት ስድስት ቀናትስ? የአዲስ አበባው አምስት ሰዓትስ? ሰዎች ተሰብስበው፣ አስበው፣ ተስማምተው ያደረጉትን ዕጣ ፈንታ ማለት እስከ መቼ ነው?

ረፋድ ላይ ድንኳን እንደገና ሊተከል ነው ሲባል፣ እንባቸውን ከጨረሱ ሁለት ሳምንት የሆናቸው ሴቶች አንድ በአንድ ወደየሱቃቸው ተመለሱ። አቶ ዘነበም ለራሳቸው ሱቅ ዕቃ የሚያራግፉበት ሰዓት ደረሰባቸው። አቢሶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፤ እምነትም ደክማ እንቅልፍ ወሰዳት። በሰው አገር ብቻዋን እንዳታለቅስ ተብሎ የተደበቀባት ልጅ፣ የእናቷ ለቅሶ ካለቀ በኋላ፣ በወገኖቿ ቤት ብቻዋን ማልቀስ ጀመረች።