በሬሳው አፍ የተገኘው ልጓም

አናጢው ወርክሾፑ ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። አፉ ውስጥ ልጁ የሠራችለት የፕላስቲክ ጥርስ ማቀፊያ አለ። ሲተኛ ትንፋሹ ቁርጥ ይልበት ስለነበር፣ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ገፍቶ ጉሮሮውን የሚከፍትለት ነው። እሱ «ልጓሜ» ይለው ነበር፤ ቀልድ አያልቅበትም።

ታናሽ ወንድሙ ለቅሶ ቤት መሃል ቆሞ፣ «በገዛ ልጁ ፕላስቲክ ታንቆ ሞተ!» ብሎ ጮኸ። በማግስቱ የልጅቷ የጥርስ ክሊኒክ ታሸገ። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና፣ ትናንት ጥርሴን አድኚኝ ያላት ሁሉ በሯ ላይ ቆሞ ይሰድባት ጀመር።

የፖሊስ መርማሪዋ መጀመሪያ የጠየቀችው እሷን ነው።

«አልደበቅም» አለች የጥርስ ሐኪሟ። «እኔ የሠራሁት ሰው አያንቅም! ፈቃዴን ቢቀሙኝም ቃሌ ይኸው ነው።»

«ልኬቱን እንዴት ነው የምትወስጂው?»

«በስካነር። ትንሿን ካሜራ አፍ ውስጥ ሳዞር እያንዳንዱ ጥርስ ኮምፒውተሩ ላይ ይወጣል። ማቀፊያው በዚያ ልክ ይሠራል። የፀጉር ያህል ቢዛነፍ መንጋጋ ያሳምማል።»

«የአባትሽስ?»

«አባዬ የተሰበረ ጥርሱን በቅርቡ ሸፈንኩለት። ጥርሱ ቅርጹን ስለቀየረ አዲስ ማቀፊያ ሠራሁ። የሞተ ዕለት ጠዋት ከእማዬ ጋር መጥቶ ወሰደው። አሮጌውን ጣለው ብለው፣ ‹መሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ አኖረዋለሁ› ብሎ እምቢ አለኝ። እሱ እኮ የጎበጠ ሚስማር እንኳ አይጥልም።»

«አፉ ውስጥ የተገኘውን አይተሽዋል?»

«ማን ሊያሳየኝ!»

እናትየው ዓይኗ አብጦ ነበር። «ከክሊኒኩ መልስ እኔ ገበያ ሄድኩ» አለች። «እሱ ምሳ በልቶ ወርክሾፕ ውስጥ ሸለብ ያደርገዋል። አብሮት የነበረው ወንድሙ ነው። ወርክሾፑን እንሽጥ እያለ ሲነዘንዘው፣ ባለቤቴ ‹ሳልሞት አይሸጥም› ይለው ነበር።»

ወንድምየው ግን ቆፍጠን ብሎ መለሰ።

«ጋሼ፣ ማቀፊያውን ማን አደረገለት?» አለችው መርማሪዋ።

«ራሱ ነዋ! በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ቀጭ አድርጎ ገጠመና ተኛ። እኔ ሳንቃ ልልግ ወጣሁ። ስመለስ አልቆለታል።»

«አልተቸገረም?»

«ምን ይቸገራል! የለመደው ነገር!»

መርማሪዋ የአስከሬን ሐኪሙ የሟቹን ጥርሶች በራሱ ስካነር እንዲያነብ አደረገች። ከዚያ እሽጉን አስከፍታ ሦስቱንም ክሊኒኩ ውስጥ ሰበሰበች። ከስካኑ በፕላስቲክ ታትሞ የወጣውን የጥርስ ቅርጽና አፉ ውስጥ የተገኘውን ማቀፊያ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ጋሼ፣ እስኪ ቀጭ ያድርጉት።»

ወንድምየው ተጫነው። አልገባም። አገላብጦ ሞከረ፤ አዲስ የተሸፈነው ጥርስ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«አሮጌው ነው» አለች መርማሪዋ። «በሕይወት ያለ ሰው ይህን ቢነክስ በሕመም ይጮሃል እንጂ አይተኛም። አዲሱን በሟቹ ኮት ኪስ ውስጥ አግኝተነዋል። ሚስቱና ልጁ አዲስ መሠራቱን ያውቃሉ። አሮጌውን የሚያነሳ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ የማይገባውን ሲገባ አየሁ አሉ። የአስከሬን ሐኪሙ በሟቹ አፍንጫ ውስጥ ከወንበሩ ትራስ የወጣ ክር አግኝቷል። በእንቅልፉ አፈኑት፤ አሮጌውን ከመሣሪያ ሣጥኑ አውጥተው አጎረሱት፤ ጥፋቱን ለልጁ አሸከሙ።»

«ዕድሜ ልኬን የሱ ተላላኪ ሆኜ!» አለ። ወደ ሐኪሟ ዞረ። «የወንድሜ ልጅ፣ ደምሽ ነኝ። ነገሩ እዚሁ በመሃላችን ይቅር።»

«አይቀርም!» ዕድሜዋን ሙሉ «እርስዎ» ስትለው የኖረችውን አጎቷን ክንዱን ይዛ በሩን በረገደችው። ውጭ የቆመው ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። «ለቅሶ ቤት ስትጮህ ድምፅ አላነሰህም። አሁንም ጩኽ!»

ወደ መርማሪዋ ዞር ቢል፣ እጆቿን አጣምራ ትጠብቃለች። እናትየው ከኋላ፣ «ንገራቸው!» አለች።

«የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«አልተሰማም» አለችው ሐኪሟ።