ባለ ሦስት እጀታው ጀሪካን

«ወላሂ፣ ይሄ ኮምፒውተር ጠላቴ ነው!»

ሰልሳቢል ማውሱን ወርወር አድርጋ ለቀቀችው። ስክሪኑ ላይ ያለው ጀሪካን እጀታው ሥር እንደገና ጠቁሯል። ጀሪካን ለማለት እንኳ ያስቸግራል፤ የተረገጠ ካርቶን ነው የሚመስለው። በ3D ቅርጽ መሥሪያው ፕሮግራም ከአንድ ኪዩብ ተነስታ፣ ገጹን እየጎተተች፣ ጠርዙን እየከፋፈለች እዚህ አድርሳዋለች። እጅ የሚያስገባው ቀዳዳ ግን እምቢ አለ። በዚህ በኩል ስትከፍተው በዚያ በኩል ድፍን ነው፤ ሁለቱንም ስትከፍት ውስጡ ባዶ ቅርፊት ሆኖ ይታያል። አንጀቷ አርሯል።

የትምህርት ቤቱን የ3D ክለብ የሚመሩት የመምህር ዳልጮ ትእዛዝ ሲሰሙት ቀላል ነበር። ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ፣ ቤታችሁ ያለ አንድ ዕቃ ከኪዩብ ተነስታችሁ ሥሩ። የሠራ በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት በክለቡ ይቀጥላል፤ ያልሠራ ቦታውን ለሌላ ይለቃል። ኮምፒውተሩ ለሁሉም አይበቃማ! ማሳያው ደግሞ ዛሬ ነው። ሰልሳቢል ከትምህርት ቤቱ ሁሉ በጉጉት የምትጠብቀው ይህንን ክለብ ብቻ ነው።

አብራት የምትሠራው ሜላት እያለከለከች ገባች። ቤታቸው ራቅ ያለው ኦቶና ሰፈር ነው፤ ስትሮጥ ነው የመጣችው።

«አታካብጂ፣ ጨርሼዋለሁ! የወንድሜ ላፕቶፕ ላይ ቁጭ ብዬ ሠራሁት» አለችና ፍላሹን ሰካች።

አቤት ማማሩ! ጥቁረት የለው፣ መጣመም የለው። ሰልሳቢል ደስ ሊላት ሲል እጀታውን አየች።

«ሜላት፣ ይሄ ሦስት እጀታ አለው።»

«እና?»

«እና ትያለሽ እንዴ? ውሃ የምትቀጂበት ጀሪካን ስንት እጀታ አለው?»

በጀሪካን ሰልሳቢልን መሸወድ አይቻልም። አባቷ በከተማቸው መርካቶ ባለው ሱቃቸው በር ላይ ቢጫ የዘይት ጀሪካን በገመድ ደርድሮ ይሰቅላል፤ እያወረደች ስትሸጥ ነው ያደገችው። ይሄኛው በፊልም ላይ ወታደሮች ቤንዚን የሚይዙበት ዓይነት ነው።

ሜላት አቀረቀረች። «እሺ፣ ከኢንተርኔት አወረድኩት። ምን ላድርግ? አንቺም አልቻልሽም፣ እኔም አልቻልኩም። ሁለቱን እጀታ አጥፊና ቢጫ ቀቢው፣ አለቀ!»

የሚያናድደው፣ እውነትም የሚያልቅ መሆኑ ነው። ሰልሳቢል እየተነጫነጨች ሁለቱን እጀታ አጠፋች። ቢጫ ቀባችው። ቁርጥ የሱቃቸውን ጀሪካን መሰለ።

«ሎኦ! በጣም ጥሩ!» አሉ መምህር ዳልጮ ከኋላ መጥተው። «ቀዳዳው እኮ ሁሉንም ነው ያስቸገረው። ባሮክ፣ ና! እንዴት እንደከፈቱት ያሳዩሃል።»

ሌላው የክለቡ ልጅ ባሮክ ወዲያውኑ ወንበሩን እየጎተተ አጠገባቸው ተቀመጠ። ሜላት ጠረጴዛው ሥር የሰልሳቢልን እግር ረገጠቻት፤ ዝም በይ ማለቷ ነው።

ምን ብላ ታሳየው? ሰልሳቢል በሜላት ተናደደች፤ በባሮክ ተናደደች፤ ጀሪካንን በፈጠረው ሰው ሳይቀር ተናደደች። ከሁሉ በላይ ግን በራሷ ነው የበገነችው። ቢጫውን የቀባችው እሷው ናት።

ፋይሉን ዘጋችው። የጠቆረውን ከፈተች።

«ቲቸር፣ የኛ ይሄ ነው። ያኛው ከኢንተርኔት የወረደ ነው። ቀዳዳው አልተከፈተልንም።»

መምህር ዳልጮ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ ልጆቹን አዩ። «ይሄ ካልተስተካከለ ቦታችሁን ትለቃላችሁ። ታውቃላችሁ አይደል?»

«እናውቃለን።»

«በሉ፣ ክፍሉ እስኪዘጋ ሞክሩ» አሉና ባሮክን ይዘው ወደ ሌሎቹ አለፉ።

«አበድሽ እንዴ?» አለች ሜላት፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ። «አልቆልን ነበር እኮ! ጌታ ያሳይሽ!»

ሰልሳቢል ወደ ስክሪኑ ዞረች። ቀዳዳው ቦታ ላይ ፊትና ጀርባ ያሉትን ሁለት ገጾች መርጣ አጠፋቻቸው። ያው ባዶ ቅርፊት ታየ። አፍጥጣ አየችው። ለካ የተበላሸ ነገር የለም፤ ከዚህ ጠርዝ እስከዚያ ጠርዝ የሚደርሰው የቀዳዳው የውስጥ ግድግዳ ገና አልተሠራም። ማንም አይሠራላቸውም፣ ራሳቸው ናቸው የሚሠሩት።

«አንቺ ጠርዞቹን ምረጪ፣ እኔ ግድግዳውን ልሥራ» አለች ወንበሯን ገፋ አድርጋ።

«ተናድጄብሻለሁ።»

«እኔም ተናድጄብሻለሁ። ምረጪ።»

ሜላት ማውሱን ከእጇ ነጠቀቻትና የመጀመሪያውን ጠርዝ መረጠች።