የወገብ ልክ

ዚፑ ግማሽ ላይ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን በሁለት እጇ ወደ መሃል ሳበችው፤ አልገናኝ አለ።

«ሆድዎን ትንሽ ሰብሰብ ያድርጉልኝ» አለች።

«ምኑን ልሰብስበው? ይሄ እኮ የሌላ ሰው ልብስ ነው!»

ደንበኛዋ፣ የልጇ የሚጣ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ናቸው። ጨርቁ የሟች እህታቸው ነበር። ገበያ ወጥተው የሚተኩት አይደለም።

ሚጣ ካውያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ባለፈው ቅዳሜ እናቷ ልኩን ስትጠራላት፣ እሷ ጨርቁ ላይ በጠመኔ ታሰምር ነበር። በአንድ እጇ ጠመኔ፣ በሌላው ስልክ። ጓደኛዋ ቀጮ የክፍሉ ግሩፕ ላይ ቪዲዮ ለጥፋ ሁሉም ይንጫጫል። እናቷ «ወገብ ሰማንያ ስምንት» አለች። ሚጣ «ሞትኩ በሳቅ» ብላ እየጻፈች «እሺ» አለችና ለሰባ ስምንት አሰመረች። እናቷም ልጇን አምና ቆረጠች።

አሁን ልትናገር አፏን ከፈተች። እናቷ ግን ቀደመቻት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የኔ ጥፋት ነው። ዓይኔ... ሜትሩን አሳስቼ አንብቤ ይሆናል።»

«ዓይንሽ እምቢ ካለ አርፈሽ አትቀመጪም? የሰው ንብረት ከምታበላሺ!»

ምክትሏ ልብሳቸውን ቀይረው ቀሚሱን ወንበር ላይ ወረወሩት። በሩ ጋ ሲደርሱ ሚጣን አዩዋት።

«አንቺ እንኳ ጠንክረሽ ተማሪ፤ እንደ እናትሽ እንዳትቀሪ።»

«እሺ» አለች ሚጣ። እናቷ አጠገቧ ቆማ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እናቷ ሜትሩን ይዛ ወደ ብርሃኑ ወጣች። ጣቷን አንዱ ቁጥር ላይ አሳርፋ ጠራቻት።

«ሚጣዬ፣ ይሄ ስንት ነው?»

«ሃምሳ ሦስት።»

«እኔም ሃምሳ ሦስት ነው ያልኩት።» ሌላ ቁጥር አሳየቻት፤ ሌላም። ሁሉንም አገኘችው። ፊቷ ግን አልፈታ አለ። «አንዳንዴ ነው የሚከዳኝ ማለት ነው። እሱ ይብሳል፤ መቼ እንደሚከዳኝ በምን አውቃለሁ?»

ሚጣ ጓዳ ገብታ ለቀጮ ደወለች። ቀጮ ሳቀች።

«ማዘርሽ ራሷ አምናለች አይደል? ምን አስለፈለፈሽ! ምክትሏ ብትሰማ ደግሞ ስልክ ይዞ መግባት በአንቺ ሰበብ ይከለከላል። እንዳታስበዪን!»

በማግስቱ ጠዋት ሚጣ ወደ ሱቁ ስትገባ እናቷ ትልቁን የጨርቅ መቀስ ለጎረቤቱ ልብስ ሰፊ እያስረከበችው ነበር። ሙያውን ያስተማረችው እሷ ናት።

«ከዛሬ ጀምሮ መቁረጡን አንተ ያዝልኝ። እኔ በመኪናው እሰፋለሁ።»

«እትዬ፣ ድሮም ቢሆን እኮ ዓይንሽ...» አለ መቀሱን ከፈት ዘጋ እያደረገ። ፈገግታውን እንኳ አልደበቀም።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ!» ሚጣ ጮኸች። «አንቺ በትክክል ነው የጠራሽው። እኔ ስልክ እየነካካሁ ነው ያሳሳትኩት!»

እናቷ ዞር ብላ አየቻት። ከዚያ ጉንጯን ዳሰሰቻት።

«የኔ ቆንጆ። እኔን ለማጽናናት ብለሽ አትዋሺ።»

«እውነቴን ነው! ሰባ ስምንት ብዬ ነው ያሰመርኩት!»

«ታዲያ ትናንት እሳቸው ሲሰድቡኝ ዝም ትዪ ነበር? አንቺ? አታደርጊውም።» ወደ ጎረቤቱ ዞረች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «አየሃት ልጄን? ጥፋቴን ልትሸከምልኝ እኮ ነው!»

ሚጣ፣ እናቷ በጥፊ ብትመታት በወደደች። ጎረቤቱ የመጀመሪያውን ጨርቅ ሲቆርጥላት እናቷ እንባዋን ጠርጋ የሰው እጅ የቆረጠውን መስፋት ጀመረች።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ሚጣ የምክትሏ ቢሮ ደረሰች። ከውስጥ የመምህራን ሳቅ ይሰማል።

«ስብሰባ ላይ ናቸው» አለቻት ጸሐፊዋ። «ምን ፈልገሽ ነው?»

«ቀሚሳቸውን ያበላሸሁት እኔ መሆኔን ልነግራቸው። ከዚያ እናቴ ሱቅ አብረውኝ እንዲመጡ። እኔን አላመነችኝም፤ እሳቸው ቢነግሯት ታምናለች።»

«ቆይተሽ ነያ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ።»

«ግድ የለም፣ መምህራኑም ይስሙኝ» አለችና በሩን አንኳኳች።