የሸዋገነት ማረጋጊያ

ሸዋገነት የሞተችው ቀኝ እጇን የትራሷ ልብስ ውስጥ እንዳስገባች ነው። ኢንስፔክተር ሶረቲ ነቀምቴ ዳር ወዳለችው የኪራይ ቤት ስትደርስ ባሏ ሮቤራ በሩ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ይደጋግማል፤ የገደላትን ሰው ስም ሳይሰማ አፈር አያለብሳትም። ስሙን ግን ራሱ ወስኖ ጨርሷል፦ አስናቀው።

አስናቀው በሆሚዮፓቲ ጭንቀት እፈውሳለሁ የሚል ሰው ነው። መድኃኒት ነካ የተደረገባቸው ጥቃቅን የስኳር እንክብሎች ይሸጣል። ዶክተር ሲሉት ደስ ይለዋል፤ የት እንደተማረ ግን የጠየቀው የለም። ክራባት ላሰረ ሰው ማን ወረቀት አምጣ ይላል?

ሸዋገነት ከጊዳ አያና ከተፈናቀለች ወዲህ ልቧ ድንገት ይመታል፤ ትንፋሽ ያጥራታል። ሆስፒታል ሲሏት የእብድ ኪኒን አልውጥም ብላ ወደ እሱ ሄደች።

ሶረቲ ትራሱን ዳበሰች። ያገኘችውን ትንሽ ሰማያዊ ዕቃ ኪሷ ከተተች። ራስጌ ባለው ብርጭቆ ውስጥ ታች ነጭ ዝቃጭ ተኝቷል።

ስለ ብርጭቆው ስትጠይቀው አስናቀው ላቡን እየጠረገ ማለላት። የእሱ እንክብል ምላስ ሥር ይሟሟል እንጂ በውሃ አይበጠበጥም።

«ሲጨንቃት ከቤቷ ደውለውልህ ነበር?»

«ደውለዋል።»

«ምን አልክ?»

ድምፁ ወረደ። «መድኃኒቱ መሥራት ሲጀምር ያባብሳል፣ ታገሱ አልኩ።»

የሟች እናት እታገኝ በድርቁ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰፋሪ ናቸው። ልጄ ጤነኛ ነበረች፣ ያገኛት ድንጋጤ ነው አሉ። ሶረቲ የከሰሉ ምድጃ በዚያ ዝናብ ለምን ደጅ እንደተቀመጠ ስትጠይቃቸው፣ ጭስ አትወድም ነበር ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ሶረቲ አስከሬኑን ከመረመረው ሐኪም ጋር ተነጋገረች፣ የከተማውንም መድኃኒት ቤቶች አዳረሰች። ተመልሳ ለቀስተኛውን አስወጣችና ባልየውን፣ እናቲቱንና አስናቀውን አስቀመጠቻቸው። ሰማያዊውን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይህ በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት ነው። እጇ ይዞት ነበር። ሐኪሙም በአስም ታፍና ሞተች ብሏል። ጭስ የማትችለው ለዚህ ነው። አዴ እታገኝ፣ ከባሏ ለምን ደበቃችሁ?»

እታገኝ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ሽማግሌ ሲመጣ በዘራችሁ በሽታ አለ ወይ ብለው ጠየቁን። የሰፋሪ ልጅ ብለው ፊታቸውን አኮሳትረው ነው የመጡት። አስም ብል ማን ይወስዳታል? የለም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ትንፋሿ ሲያጥር ፍርሃት ነው በይ እላታለሁ።»

አስናቀው ነጻ ወጣሁ ብሎ ተነሣ።

«ተቀመጥ» አለችው ሶረቲ። «ታገሱ ብለህ ከሆስፒታል አስቀርተሃታል፤ ትጠየቅበታለህ። ብርጭቆው ግን ያንተ አይደለም። ያንተ በውሃ አይበጠበጥም።» ወደ ሮቤራ ዞረች። «ኦቦ ሮቤራ፣ ገበያው አጠገብ ካለው መድኃኒት ቤት ምን ገዛህ?»

«የልብ ምት ማረጋጊያ ኪኒን። በስኳሩ ተስፋ ቆረጥኩ። አውቃ አትውጥም፤ የአስናቀው አዲስ መድኃኒት ነው ብዬ ፈጭቼ በውሃ ሰጠኋት። ምን አጠፋሁ?»

«ሻጩ አስም አለባት ወይ ብሎህ ነበር።»

«የለባትም አልኩት። የለባት...» እታገኝን አየ።

ሶረቲ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያ ኪኒን አስም ላለበት ሰው አይሰጥም። የመተንፈሻ ቧንቧ ይዘጋል። ይህ የሚሳበውም ቧንቧውን ሊከፍትላት አልቻለም።»

እታገኝ ከወንበራቸው ወርደው የሮቤራን ጉልበት ያዙ። «እኔ ነኝ የገደልኳት» አሉ፤ ወደ ሶረቲም ዞሩ። «የኔን ስም ጻፊ፣ የኔ ልጅ።»

«አዮ፣ እናቴ፣ ይነሱ» አለ ሮቤራ። ደግፎ አስነሣቸው፣ ነጠላቸውንም አስተካከለላቸው። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ተናገረ።

«መራራ ነው ብላኝ ነበር። ጉንጯን ይዤ፣ ጨርሺው የኔ ቆንጆ፣ ይሻልሻል አልኳት። ለኔ ስትል ጨረሰችው።»