በቆርኪ የተሠራች አቴንስ

የመምህር እውነቱ አስከሬን የተገኘው ማለዳ፣ ሱሉልታ ዋናው መንገድ ላይ ወጣቶች በደረደሩት ድንጋይ ሥር ነው። ነሐሴ 2008 ነበር። በዚያ ክረምት ገበሬውን ከመሬቱ ያፈናቅላል በተባለው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ጣጣ መንገድ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ተመካክሮ ነው። ስለዚህ ራሱን ተፈንክቶ ድንጋይ መሐል የተገኘን ሰው ማን ገደለው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ድንጋዩ ራሱ መልስ ይመስላል።

ሳጅን ተረፈች ግን ድንጋዩን ትታ ጫማውን አየች።

ለሠርግ የተገዛ ጥቁር የቆዳ ጫማ ነው። በዋዜማው ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ውሎ ማምሻውን ስላባራ መንገዱ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። የሟች ጫማ ታች ግን ንጹሕ ነው። ካልሲም አላደረገም።

«ጭቃውን በአየር አልፎ መጣ?» አለች።

«ተረፈች፣ ጫማ ጥረጊ አልተባልሽም» አላት አለቃዋ። «የሙሽራዋ ወንድም ጂሬኛ ትናንት እዚሁ ድንጋይ ሲደረድር ታይቷል። ከሟች ጋርም በአደባባይ ተሰዳድቧል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ነገ ጠዋት ከሌሎቹ ጋር ተጭኖ ይሄዳል። ሩቅ ነው የሚሄደው።»

«እንግዲያው ዛሬን ይስጡኝ።»

«ውሰጂ። ባልሰጥሽስ ዝም ልትይ ነው?»

አለቃዋ አልተሳሳተም። ይህች ሴት ሽንኩርት ስትገዛ እያንዳንዱን ራስ ገልብጣ የምታይ ናት። የሰፈራችን ባለሱቆች ከሩቅ ሲያዩዋት የበሰበሰውን ከሥር ማውጣት ይጀምራሉ።

እውነቱ የታሪክ መምህር ነበር። ከደብረ ብርሃን ወዲያ አልፎ ባያውቅም የአቴንስን ጎዳናዎች ከሱሉልታ መናኸሪያ አብልጦ ያውቃቸው ነበር። በጥቅምት ላሊሴን ሊያገባ ነው። አቴንስ የሚኖረው አጎቱ የጫጉላ ጉዞውን ትኬት የሠርግ ስጦታ አድርጎ ሊገዛለት ቃል ገባ። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው አላረፈም፤ በተከራያት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ጥንታዊቷን ከተማ በለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ሠራት። አንዱ ቆርኪ አንድ ታሪካዊ ቦታ ነው። ቀይ ክር ደግሞ ሙሽሮቹ የሚሄዱበት መንገድ።

ተረፈች ክፍሉን ስትከፍት ጠረጴዛው ባዶ ነው። ቆርኪዎቹ የወተት ጣሳ ውስጥ ታጭቀዋል፤ ክሩ ተበጥሷል። የብረት አልጋው ጠርዝ በጨርቅ ተወልውሏል፤ የወለወለው ሰው ግን ቸኩሎ ነበር። ጎንበስ ብላ አየችው። በብየዳው ስንጥቅ ውስጥ ደም ቀርቷል።

አከራዩ ጋሽ ሀሰኖ ግቢው በር ላይ ሱቅ አላቸው።

«መጨረሻ ያዩት መቼ ነው ጋሽ ሀሰኖ?»

«ሱቄን ስዘጋ ነዋ። ልጆቹ መንገዱን ሲዘጉ እኔም ቶሎ ዘጋሁ፤ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። በመስኮት ጠራኝና አስጎበኘኝ። እኔ እኮ ልጄ፣ ሳልፈልግ አቴንስን ስንቴ ዞርኳት መሰለሽ! ያቺ ቀይዋ ቆርኪ አክሮፖሊስ ናት፤ ኮረብታ ላይ ያለችው የጥንት ቤተ መቅደስ። ጉብኝቱ ከሷ ይጀመራል አለኝ። ‹ሙሽራን በመጀመሪያው ቀን ዳገት ታስወጣለህ? ፍቺ አማረህ?› አልኩት። ሳቀብኝ።» ጋሽ ሀሰኖ መሐረባቸውን ፈለጉ።

«የእጅ ጋሪዎ ጎማ ጭቃ የጠጣው የት ነው?»

«እኔም ጠዋት ገርሞኛል። ደጅ ነው የሚያድረው። ጋሪ እንጂ ሚስቴ አይደል፤ የት አደርክ አልለው።»

ከመርዶው በኋላ የደረሰው የሟች ሚዜ ባይሳ ግቢው ውስጥ በተተከለው የለቅሶ ድንኳን እንግዳ ያስተናግዳል። ቡራዩ የሚኖር የመሬት ደላላ ነው። ስልኩ ባይሠራም ከጆሮው አይጠፋም።

«ትናንት መጥተህ ነበር?» አለችው ተረፈች።

«ቀን፣ ዝናቡ ሳያባራ። መንገዱ ይዘጋል ብዬ ቶሎ ተመለስኩ።»

«ምን አወራችሁ?»

«ጫጉላውን ነዋ! ሌላ ወሬ ነበረው? ቆርኪዎቹን አሳየኝ። ሟርት በራሱ ላይ ጠራ፣ ሳጅን። የጫጉላ ሽርሽር ከመቃብር ቦታ ይጀመራል? ተው ብዬው ነበር።»

«ጂሬኛስ?»

«ልጁ እሳት ነው። ‹እኛ እየሞትን አንተ ፈረንጅ አገር ልትሸራሸር› ብሎ ሰው ፊት ሰድቦታል። እንደ ወንድሜ ነው፤ ልወነጅለው አልፈልግም።»

«አትፈልግም» አለች ተረፈች። «ግን እየወነጀልከው ነው።»

ጂሬኛን ጣቢያው ግድግዳ ተደግፎ አገኘችው።

«አካም፣ ጂሬኛ።»

«ድንጋይ ደርድሬያለሁ። ሰው ግን አልገደልኩም» አላት ሳትጠይቀው። «አዎ፣ ሰድቤዋለሁ። ማታ ይቅርታ ልለው ስደውል ኔትወርክ ጠፍቷል። ስድቤን እንደያዘ ሞተ።»

ላሊሴ ድንኳኑ ውስጥ ከአባቷ ከኦቦ ዱቤ አጠገብ ተቀምጣለች። ተረፈች ምንጣፉ ላይ ጎኗ ቁጭ አለች። «መጨረሻ መቼ ነው ያወራችሁት?» ስትል በዝግታ ጠየቀቻት።

«ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጫንጮ ሆኜ ደወልኩለት። የዚያን ቀን አንድ የጎረቤት ልጅ ቀብረን ነበር። ደስታ አስጠላኝ። ጉዞው ይቅር አልኩት። ‹አይቅር፤ መጀመሪያ ለቅሶ እንደርሳለን› አለኝ። አቴንስ ውስጥ ኬራሜይኮስ የሚሉት የጥንት መቃብር አለ፤ ሟቾቹን ድንጋይ ላይ ቀርጸዋቸዋል። ‹የኛን ልጆች እዚያ እናለቅሳቸዋለን፤ ዳገቱን ከዚያ በኋላ እንወጣለን› አለኝ። መቃብሩ አረንጓዴዋ ቆርኪ ናት፤ ወደ ፊት ሲስባት በስልኩ ሰማኋት።»

«ከዚያስ?»

«‹አባትሽን አስፈራርቶ መሬቱን ያሸጠውን ሰው ደረስኩበት› አለኝ። ስሙን ሳይነግረኝ መስመሩ ተቆረጠ። እስካሁን አልተመለሰም።»

«የመቃብሩን ነገር ለማን ነገርሽ?»

«ለማን እነግራለሁ? ሲነጋ መርዶውን አመጡልኝ።»

ከሰዓት በኋላ ተረፈች የእውነቱን ጠረጴዛ ግቢው መሐል አስወጣች። ጂሬኛ በካቴና መጣ። አለቃዋም መጣ፣ ደስ ሳይለው። ቆርኪዎቹን ከጣሳው ዘርግፋ ቀይዋን ፊት አስቀመጠች።

«እውነቱ ራሱ መንገድ አልወጣም። በእግሩ ቢሄድ ጫማው ይጨቀይ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ወድቆ ራሱን የአልጋው ብረት መታው። ከጨለመ በኋላ በጋሽ ሀሰኖ ጋሪ ተወስዶ ድንጋዩ ሥር ተጣለ፣ ልጆቹ ገደሉት እንዲባል። ባዶ እግሩን ነበርና የወሰደው ሰው አልጋው ሥር ያገኘውን ጫማ አጠለቀለት።»

«ማን ነው?» አሉ ኦቦ ዱቤ።

«ቆርኪዎቹ ይነግሩናል። ጋሽ ሀሰኖ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሲያዩ ጉዞው ከዚህች ከቀይዋ ይጀምር ነበር። ላሊሴ ስትደውል መቃብሩ ቀደመ።» አረንጓዴዋን ከቀይዋ ፊት አደረገቻት። «ወዲያው ስልክ ተቋረጠ፤ እሷም ለማንም አልተናገረች። ጠዋት እኔ ስገባ ከተማዋ ጣሳ ውስጥ ነበረች። ስለዚህ ጉዞው ከመቃብር እንደሚጀምር የሚያውቅ፣ ከላሊሴ ሌላ፣ ካመሸ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ብቻ ነው። ባይሳ፣ አንተ ቀን ነበር የመጣኸው አይደል?»

ባይሳ ስልኩን ከጆሮው አወረደ።

«ከመቃብር መጀመር ሟርት ነው ያልከኝን ድገምላቸው እስቲ።»

 ባይሳ ዓይኑን ወደ ቆርኪዎቹ መለሰ።

«ስሜን ሊናገር ነበር» አለ። «‹ማስተር ፕላኑ በነጻ ይወስደዋል፣ ሽጠው› ብዬ ኦቦ ዱቤን ያሸጥኳቸው እኔ ነኝ። በዚህ ሰሞን ስም መጠራት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ቤቴን ከነልጆቼ ያቃጥሉት ነበር። ለመንኩት፣ እንቢ አለ። ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም።»

«መግፋቱን እንዳልከው እንቀበልህ» አለች ተረፈች። «ጋሪውንስ? ይህን ልጅ ካቴና ውስጥ የከተተው ጋሪው ነው። ሙሽራን የሠርግ ጫማ የሚያስጠልቅ ሚዜ ነው፤ አንተ ቀድመህ አስጠለቅከው።»

አለቃዋ ቁልፉን አውጥቶ ካቴናውን ከጂሬኛ እጅ ወደ ባይሳ አዛወረ። ተረፈችን ቀና ብሎ አላያትም።

ጂሬኛ ከካቴና የተፈታ እጁን እያሻሸ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ።

«መጀመሪያው የቷ ናት?» አለ።

ላሊሴ አረንጓዴዋን አነሣችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ልጁ ጨብጧት አለቀሰ።

ቆይቶ «ዳገቱስ?» አላት።

«ዳገቱንማ» አለች ላሊሴ፣ ቀይዋን ወደ ራሷ እየሳበች፣ «ጀመርነው።»