በክረምት የተቀባ ኖራ

የጭስ ማውጫው ቀኛዝማች ሀብተ ማርያም ላይ የተናደው ገና ሲነጋጋ ነው። የሞቱት ግን ረፋዱ ላይ ነው።

ቀድሞውንም ከወገባቸው በታች ሽባ ነበሩ። ጡቡ እግራቸውንና ደረታቸውን ተጭኗቸው፣ ጎረቤት ተጠርቶ እስኪያወጣቸው ድረስ ሲያቃስቱ ቆዩ። ነሐሴ 12 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር። አሰላ ላይ ዝናቡ ሁለት ወር ሙሉ ያለ ፋታ ወርዷል።

«ዝናብ ነው» አለ ጎረቤቱ።

«ዝናብ አይደለም፣ ጉደታ ነው!» አለ ልጃቸው ኃይለየሱስ፣ ከጎበሳ በፈረስ ደርሶ። ከሟች የመጀመሪያ ሚስት የተወለደ፣ ቁጣው ከአፍንጫው የማይርቅ ሰው ነው። «ግንቦት ላይ የጭስ ማውጫውን የጠገነው እሱ ነው። ኖራውን ሰርቆ በጭቃ ነው የሠራው።»

ግምበኛው ጉደታ በሟች መሬት ላይ የሚኖር ጭሰኛ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ወንጀለኛ ለማድረግ ምርመራ አያስፈልግም፣ ገመድ ይበቃል። ቀብሩ ሳያልቅ የኃይለየሱስ ሰዎች አስረው ጣቢያ አመጡት። መንገድ ላይ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች በጠመንጃ ሰደፍ ሰብረውበታል።

ጉዳዩን የያዘው መቶ አለቃ ወልደሰንበት ነው፤ ከጮሌ ወደ አሰላ ከተዛወረ ሦስት ወሩ ነው። አለቃው «ሰኞ በነፍስ ግድያ ተከሶ ፍርድ ቤት ይቅረብ» ብሎታል። ቀኑ ዓርብ ነበር።

«ኖራ ሰርቀሃል?» አለው መቶ አለቃው።

«ዋቃ ምስክሬ ነው ጌታዬ፣ አልሰረቅኩም። በጭስ ማውጫው እግር ዙሪያ ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ አልብሻለሁ። ጠርዙን ውሃ የማያስገባ ካትራሜ ቀብቻለሁ። ውሃ በዚያ ካልገባ ጡቡ እኔንም እርስዎንም ቀብሮ ይኖራል።»

«ከገባስ?»

«መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል እድፍ ይወጣል። ከዚያ ጨው የመሰለ ነጭ ነገር ያብባል። ከዚያ ጡቡ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ያኔ እሳት ማንደድ ክልክል ነው። ውሃ የጠጣ ጡብ ሲግል ይሰነጠቃል።»

«ይህን ለቤቱ ሰው ነግረሃል?»

«ለእትዬ አሰፋች፣ ለቀኛዝማች ባለቤት። አንድ በአንድ ጠየቁኝ፣ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እንዲህ ሥራዬን ያከበረልኝ ሰው የለም።»

መቶ አለቃው ወደ ቀኛዝማች ቤት ሄደ። ጣልያን ያሠራው ቤት ነው፤ ጀርባው ኮረብታውን ስለተደገፈ ከኋላ በኩል ማንም ሰው ጣሪያው ላይ መራመድ ይችላል። ወጣ። ከጭስ ማውጫው የተረፈው ጉቶ ብቻ ነበር። ቆርቆሮው የለም። ካትራሜው ግን ጡቡ ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ጉደታ አልዋሸም።

«ነፋስ ወስዶት ይሆናል» አለ አብሮት የወጣው ፖሊስ።

ነፋስ ቢሆን ቆርቆሮው ተቀዶ ቁራጩ ምስማሩ ላይ ይቀር ነበር። እዚህ ግን ምስማሩ ራሱ በጉጠት ተነቅሏል።

መጀመሪያ የጠረጠረው ኃይለየሱስን ነው። ቤቱን የሚወርሰው እሱ ነው፤ ጉደታን ለማሳሰርም ከሁሉ የቸኮለው እሱ ነው። ነገር ግን ከፋሲካ ወዲህ አሰላን አልረገጠም፤ ይህን ለለቅሶ የመጣ ግማሽ ጎበሳ መሰከረለት። ክፉ ሰው ነበር፣ ገዳይ ግን አልነበረም።

መቶ አለቃው ወደ ውስጥ ገባ። ከእሳቱ ማንደጃ ጎን ያልወደቀውን ግድግዳ በሰንጢ ፋቀው። ከነጩ ኖራ ሥር ቡናማ እድፍ ወጣ። ከእድፉ ሥር ደግሞ ኖራ። ከዚያ ሌላ እድፍ፣ ከዚያም ሌላ ኖራ።

አሰላ ውስጥ ቤት ኖራ የሚቀባው ለመስከረም ነው። በሐምሌ የተቀባ አይደርቅም፤ ይህን ሕፃን ያውቃል። እዚህ ቤት ግን በዝናብ መሃል ሦስት ጊዜ ተቀብቷል።

ሠራተኛዋን ተሻለችን ጠራት።

«ኖራውን ማን ቀባው?»

«እትዬ ራሳቸው። እኔን አላስነኩኝም።»

«ቀኛዝማች ምንም አላሉም?»

«ግድግዳው ይሸተኛል፣ ጡቡ ይንጣጣል እያሉ ይጮሁ ነበር። እትዬ እርጅናዎ ነው ይሏቸዋል። አልጋቸውንም በርዶዎታል ብለው ወደ እሳቱ አስጠጉላቸው። እሳቱንም አበዙላቸው።»

ቆርቆሮውን ከጓሮ አገኘው። የዶሮ ቤቱን ጣሪያ አልብሶታል፤ ጠርዙ ላይ ካትራሜው አለ።

ወይዘሮ አሰፋችን ከለቀስተኛው መሃል ጠርቶ ወደ ጓዳ አስገባቸው። ቆርቆሮውን ፊታቸው አስቀመጠ።

«ከዶሮ ቤቱ ነው ያነሳሁት» አለ።

«ዶሮዎቹ እየራሱብኝ።»

«ቀኛዝማችስ?»

ወይዘሮ አሰፋች ቆርቆሮውን በእግራቸው ገፋ አደረጉት።

«እትዬ፣ ጉደታ ሰኞ ይቀርባል። ይሰቀል ይሆናል።»

«ይሰቀላ።»

መቶ አለቃው ደነገጠ። ሴትየዋ ጉደታን ለመሸፈኛ ብቻ እንዳልፈለጉት የገባው ያን ጊዜ ነው።

«እሱ ደግሞ ምን አደረገዎት?»

ወይዘሮ አሰፋች ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ገፈፉ።

«ብርቄ የምትባል ልጅ ነበረችኝ። ሽኩር የሚባል እስላም ነጋዴ ወድዳ ጢቾ ሄደች። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነውና የሚወለደው፣ አምና ሐምሌ ልትወልድ መጣች። ባሌ ያኔ እግር ነበረው። የአጥሩን በር ቆለፈባት፣ እኔን እዚህ ጓዳ ቆለፈብኝ። ከቀትር ጀምሮ ዝናብ ላይ አማጠች። ስትጮህ እሰማለሁ። ሲመሽ ከነልጇ ዝም አለች።»

እንባ አልነበራቸውም። ያን ቀን ሲናገሩ የሌላ ሰው ታሪክ የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

«ጡብ መናድ ለምን አስፈለገዎት? መርዝ አልነበረም?»

«መርዝ ቶሎ ነው። እኔ ክረምቱን ሙሉ ጡቡ ሲንጣጣ እየሰማ እንዲጠብቅ ፈለግኩ። ማንም አያምንህም አልኩት። ባለፈው ሳምንት ገባው። አልጋዬን አንሱልኝ እያለ እግሬን ለመነኝ።» ትንሽ ፈገግ አሉ። «ገደልኩት። ጻፈው።»

«ጉደታስ?»

«ያን ቀን ጣሪያው ላይ ነበር፣ የሚያፈስ ቆርቆሮ ሲመታ። አጥሩ ከዚያ ወለል ብሎ ይታያል። እሱን ጠይቀው።»

ጣቢያ ሲደርስ ጉደታ የተሰበረ እጁን አቅፎ ተቀምጧል።

«እትዬ አሰፋች አምነዋል። ነፃ ነህ።»

ጉደታ መሬት ላይ ተደፋ፤ ዋቃን አመሰገነ፣ አለቀሰም።

«ብርቄን አይተሃት ነበር?»

ልቅሶው ቆመ። በደህና እጁ ፊቱን ጠረገ።

«ጠራችኝ» አለ። «ጋሼ ጉደታ፣ ሰው ጥራልኝ አለችኝ። ከጣሪያው ላይ አንዴ ብጮህ መንደሩ ይሰማኝ ነበር።»

«ምነው ታዲያ?»

«ቀኛዝማች ከታች ቆመው ያዩኛል። የምኖረው በመሬታቸው ነው፣ ጌታዬ። አምስት ልጅ አለኝ።»

«ምን አልካት?»

«ምንም። መዶሻውን አጠንክሬ መታሁ፣ ድምጿ እንዳይሰማኝ።»

መቶ አለቃው በሩን ከፍቶ አስወጣው። ሕጉ ያዝዛል። «ደህና ሁን» ግን አላለውም።